ስድስት ስንዝር ጨው

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1618፣ ሰከላ። ከግሽ ዓባይ ምንጭ ዳር አንድ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ፈረንጅ ጦር ይዞ ቆሟል። ጦሩ ለጠብ አይደለም፣ ለመለኪያ ነው። ወደ ምንጩ ሰድዶ የውሃውን ጥልቀት ሊያውቅ ፈልጓል። ሰውየው ስፓኛዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ነው፤ የዐፄ ሱስንዮስ ወዳጅ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ቀን አንሥተው «የዓባይን ምንጭ ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ» ብለው ያልፋሉ። የሰከላ ሰው ምንጩን ሲያይና ሲጠመቅበት ስንት ዘመን እንደኖረ ለጊዜው እንተወው።

እኔን የሚገርመኝ ጦሩን የያዘው እጅ ነው። ያ እጅ ከዚያ በፊት የመን ውስጥ ታስሮበታል፣ ሞካ ላይ የጦር ጀልባ መቅዘፊያ ገፍቶበታል።

ፓኤዝ ከህንድ ከጎአ የተነሣው በ1589 ነበር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብሮት አንቶኒዮ ደ ሞንሴራቴ የተባለ፣ ሃምሳውን ያለፈ መነኩሴ አለ። ሁለቱም ነጋዴ መስለው ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት አስበዋል። ዶፋር ጠረፍ አጠገብ ሲደርሱ ጀልባቸው ተያዘ። ከዚያ በሐድራሞት በረሃ በእግራቸው ተነዱ፣ ሰንዓ ታሰሩ፣ ቀዛፊ ባሮች ሆኑ። በዚያ ጉዞ ሐድራሞት ውስጥ በአንድ ቤት ጥቁር ትኩስ ውሃ ቀርቦላቸዋል፤ ስሙ ቃህዋ፣ የሚፈላውም ቡን። ቡና ስለቀመሱ አውሮፓውያን ከተጻፉት ወሬዎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ይህ ነው። ሊደርሱባት ከሚናፍቋት አገር የወጣውን ፍሬ እስረኛ ሆነው ቀመሱት።

ሰባት ዓመት ገደማ እንዲህ ሆኖ አለፈ። በ1596 ገደማ ማስለቀቂያ ተከፍሎላቸው ወደ ጎአ ተመለሱ። ፓኤዝ ግን ልቡ አላረፈም፤ እንደገና ተነሥቶ በ1603 ምጽዋ ገባ። ከጎአ እስከ ምጽዋ ያለውን ባሕር ነፋስ የቀናው መርከብ በሳምንታት ይጨርሰዋል። እሱን 14 ዓመት ፈጀበት።

ማስለቀቂያ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ ሊቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ፓኤዝ ጦሩን ከሰደደበት ቦታ ውሃው መጀመሪያ ወደ ጣና ይሄዳል፤ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ እንደ መቀነት ይዞራል። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ዛሬ ባሶ ሊበን በምንለው ወረዳ፣ ደጋው በድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ በረሃው ይወርዳል። ከዚያ ማዶ ጉዱሩ ነው፣ ከጉዱሩ ወዲያ እናርያ፣ ከእናርያ ወዲያ ከፋ። የየጁቤ ሰው የሚያውቀው የባሶ ገበያ የተቀመጠው እዚህ አፋፍ ላይ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከሰሜኑ ደጋ ገበያዎች ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነው። ቡናው፣ ዝባዱ፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ ዓባይን ተሻግሮ እዚህ ይወጣል። ሰውም እንደዚያው። ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ ጨው ነው።

አሞሌን በዓይኑ ያየ አሁን ጥቂት ሰው ነው። ከ1520 ጀምሮ ስድስት ዓመት አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ልኩን ጽፎልናል፦ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል፣ ወርዱ አራት ጣት፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት። ከአፋር በረሃ ተፈልጦ ይወጣል፣ ከወጣበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። አልቫሬስ እንደሚለው ዳሞት ሲደርስ በሦስት ወይም በአራት አሞሌ ጥሩ ባሪያ ይገዛል። (ያኔ ዳሞት የሚባለው ከዓባይ ማዶ ነበር፤ ስሙ ወደ ጎጃም የተሻገረው በኋላ ነው።) ከዚያም አልፎ ባሮቹ ከሚመጡበት አገር ሲገባ ሰው በአንድ አሞሌ ይገኛል ይባላል።

ይህን ያነበብኩ ማታ በጠረጴዛዬ ላይ በስንዝር ለካሁት። አራት አሞሌ፣ እያንዳንዱ ስንዝር ተኩል፣ ጫፍ ለጫፍ ሲዘረጋ ስድስት ስንዝር። የእኔ ስንዝር 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስድስት ጊዜ 22፣ አንድ ሜትር ከ32። ቤታችን በር መቃን ላይ የወንድሜን ልጅ ቁመት በየእንቁጣጣሹ በእርሳስ እናሰምራለን። ተነሥቼ ሄጄ አየሁት። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ጊዜ የተሰመረው መስመር አንድ ሜትር ከ31 ይላል።

ዋጋው ቁመቷን በአንድ ሳንቲ ሜትር ይበልጠዋል። በሦስት አሞሌ ሲሆን ደግሞ 99 ሳንቲ ሜትር፣ አራት ዓመት የሆናት ጊዜ የተሰመረው መስመር አካባቢ። ከዚያ በታች ያሉትን መስመሮች ሳላይ ተመለስኩ።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1842 እና በ1843 እዚያው በደቡብ ጎጃም፣ ከባሶ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ያውሽ በተባለ ስፍራ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ሥራው ቃላት መሰብሰብ ነው፤ ውሃ፣ እሳት፣ እናት፣ አንድ፣ ሁለት በየቋንቋው ምን እንደሚባሉ። ተመልሶ በ1845 ለሕትመት ያበቃው ጽሑፍ ውስጥ ከአሥር በላይ ቋንቋዎች አሉ፦ ከፋ፣ ወላይታ፣ የም፣ ጎንጋ፣ ጋፋት፣ አገው፣ የጉዱሩ ኦሮምኛ፣ ሌሎችም። ቃል የነገሩት ሁሉ ባሮች አልነበሩም፤ ነጋዴም የአገር ሰውም አለበት። ቢሆንም ከባሶ ገበያ ጥግ ላይ ቆሞ የከፋንና የወላይታን ቃል ከተናጋሪው አፍ መስማት መቻሉ ገበያው እጁን የት ድረስ እንደሰደደ ከማንኛውም የቀረጥ መዝገብ በላይ ይናገራል።  

ከባሶ መንገዱ በደምበጫ ወደ ጎንደር ይወጣል። ከጎንደር አንዱ ወደ መተማ፣ አንዱ ወደ ምጽዋ። በየኬላው ቀረጥ አለ፣ ከቀረጡም ባላባቱ ድርሻውን ያገኛል። ክርስቲያን የሆነ ሁሉ ሰው እንዳይሸጥ ተከልክሎ ነበር ይባላል፤ ስለዚህ መሸጡን ለጀበርቲ ነጋዴ ትቶ ክርስቲያኑ መግዛቱንና ቀረጥ መቀበሉን ያዘ። ከመተከል ቆላ የጉሙዝን ልጅ እያፈሰ ያመጣውም የደጋው ሰው ነው። በዚህ ታሪክ የጎጃም ደጋ የገበያ ባለቤት ነበር፣ ሊያፍርበት የሚገባም ይመስለኛል። «ባርነት እኛ ዘንድ የቤተሰብ ያህል ነበር» የሚሉ ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ስለ ባሶ ግን አንዳቸውም አንሥተውልኝ አያውቁም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የአፍሪካ ጠረፎች የተሻገሩትን ባሮች ራልፍ ኦስተን የተባለው ታሪክ ጸሐፊ 492,000 ገደማ ብሎ ገምቷቸዋል። ከኢትዮጵያ ደጋና ደቡብ የሄዱት የዚህ ቁጥር ትልቅ ክፍል ናቸው። ግማሽ ሚሊዮን ሲባል አእምሮ አይጨብጠውም፤ ለቀን ላካፍለው። ከ1800 እስከ 1900 ያለው ጊዜ 36,500 ቀን ገደማ ይሆናል። በቀን ከ13 ሰው በላይ ይደርሳል፤ ሰንበት ሳይቀር፣ ጾም ሳይገደብ፣ መቶ ዓመት ሙሉ። ዛሬ 13፣ ነገ 13፣ ፋሲካ ዕለት 13።

ከእነዚያ ውስጥ ስሙን የምናውቀው አለ። በ1850ዎቹ ኢሉባቦር ውስጥ የተወለደው ሂካ በልጅነቱ፣ በ1869 ተነጠቀ። ምጽዋ እስኪደርስ በስምንት ጌቶች እጅ አልፏል። ምጽዋ ላይ በ1870 ቬርነር ሙንሲንገር የተባለ ስዊሳዊ ነጻ አወጣው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ተብሎ አደገና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 አሳተመ። ስምንት ጌታ ማለት ልጁ ከእጅ ወደ እጅ በሄደ ቁጥር ዋጋው እንደ አሞሌው ወጣ ማለት ነው። ልዩነቱ አቅጣጫው ነው። ጨው ከባሕር በራቀ ቁጥር ይወደዳል፣ ሰው ወደ ባሕር በቀረበ ቁጥር ይወደዳል።

ባሕር የጣለው እንግዳ እኛ እጅ የወደቀበትም ጊዜ አለ። በአራተኛው መቶ ዘመን ከጢሮስ የመጣች መርከብ ውሃ ልትቀዳ ጠረፋችን ላይ ቆመች፣ ሰዎቿ ተገደሉ። ሁለት ልጆች ቀሩ። ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ ተማርከው ለአክሱም ንጉሥ ተሰጡ። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ማለት ያ የተማረከ ልጅ ነው፤ ከቅዳሴ ስንወጣ ግን ይህን የሚያስብ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ሞካ ልመለስ። ፓኤዝ ከቀዘፈ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በሴፕቴምበር 1888፣ ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከብ በዚያው ውሃ ላይ ሦስት ሳንቡክ (የሸራ ጀልባ) አስቆመች። የመርከቧ አዛዥ ቻርልስ ጊሲንግ ይባላል። ሳንቡኮቹ ከአፋር ጠረፍ ተነሥተው ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ የነበሩ ናቸው። ውስጣቸው 204 ሰው ተገኘ፤ አብዛኞቹ ልጆች፣ አብዛኞቹ ኦሮሞ። በአማካይ በአንድ ሳንቡክ 68 ማለት ነው።

ልጆቹ ወደ ኤደን ተወሰዱ፣ ከፊሎቹን ሼክ ኦስማን የነበረ የስኮትላንድ ሚሲዮን ተቀበላቸው። የኤደን ወበቅና ወባ ግን ሊያኖራቸው አልቻለም። የቀሩትን ለማዳን ሲባል በ1890 ስድሳ አራት ልጆች፣ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በመርከብ ደቡብ አፍሪካ ወዳለው ላቭዴል ተላኩ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሰው፣ ማንም ያስበው እግዜር ይስጠው፣ እያንዳንዳቸውን በአስተርጓሚ አስቀምጦ ጠየቃቸው። አገራችሁ የት ነው፣ አባታችሁ ምን ነበር፣ ማን ወሰዳችሁ፣ ለማን ተሸጣችሁ፣ ስንት ገበያ አለፋችሁ። 64 ልጅ፣ 64 መንገድ። ከግማሽ ሚሊዮኑ ውስጥ እንዲህ ተሟልቶ የተጻፈ ሌላ የሕፃናት ዶሴ አላውቅም። በመቶኛ ብታሰሉት ከመቶ አንድ አይደለም፣ ከሺህም አንድ አይደለም፤ ከሰባት ሺህ ሰባት መቶ ገደማ አንድ ነው።

ከእነዚያ 64 መካከል በ1909 ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት 17 ናቸው። ከቀሩት አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። የልጅ ልጇ ነቪል አሌክሳንደር አድጎ የአፓርታይድ ተቃዋሚ ሆነና ከ1964 እስከ 1974 ሮበን ደሴት ላይ፣ እነ ማንዴላ በነበሩበት እስር ቤት፣ አሥር ዓመት ታሰረ። አያቱን ባሕር ላይ ከሰንሰለት አወጧት፣ እሱን ባሕር መካከል አሰሩት።

የባሪያ ንግድን የሚከለክለው ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከለከሉ፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1884 ከእንግሊዝ ጋር ተፈራረሙ፣ ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር ስትገባ ቃል ገባች፣ በመጨረሻም በ1942 ባርነት ጨርሶ እንዲቀር ታወጀ። ከኦስፕሬይ እስከ ዐዋጁ 54 ዓመት።

አሁን ወደ ማስለቀቂያው።

ባብ ኤል መንደብ ላይ ሁለቱ ጠረፎች የሚራራቁት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን ካለው መንገድ ግማሹን እንኳ አይሞላም። የጎጃም፣ የወሎ፣ የትግራይ፣ የሐረርጌ፣ የአርሲ ልጅ በደላላ ተመርቶ ጅቡቲ ኦቦክ ይደርስና ከዚያ ወደ የመን ይሳፈራል፤ ሐሳቡ ሳዑዲ ነው። የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት አይኦኤም በቆጠረው መሠረት በ2023 የመን የደረሱት ስደተኞች 97,200 ነበሩ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን። በ2024 ቁጥሩ ወረደ ተባለና 60,000 ሆነ። «ወረደ» የተባለውን ቁጥር በምን ልመስለው? በ1999 ዓ.ም. (ይህ በአገራችን አቆጣጠር ነው) የሕዝብ ቆጠራ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ የተቆጠረው ሰው በሙሉ 62,497 ነበር። ሕፃኑም፣ ሽማግሌውም፣ የቆሎ ተማሪውም፣ ዘበኛውም። ያን ከተማ ነቅለህ በአንድ ዓመት በትናንሽ ጀልባ ማሻገር ማለት ነው፣ ያውም «በወረደበት» ዓመት።

በዚያው በ2024 በመንገዱ ላይ የሞቱት 558 ሲሆኑ 462ቱ በጀልባ አደጋ ነው። ሰኔ ላይ 260 ሰው የጫነች አንዲት ጀልባ የመን ውስጥ ሻብዋ ጠረፍ አጠገብ ሰጠመች፤ መጀመሪያ በወጣው ዘገባ 49 አስከሬን፣ 140 የት እንደገቡ ያልታወቁ፣ 71 የተረፉ።

የተረፈውን ማን ይቀበለዋል? ራስ አል ዓራ በመሰለ ጠረፍ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2014 የመን ውስጥ ስላሉ የአጋቾች ማጎሪያዎች የጻፈው ሪፖርት አሠራሩን በዝርዝር አውጥቶታል። ልጁን ይይዙታል። የሚደወልበት ቁጥር አምጣ ይሉታል። ይደውሉና ሲደበደብ ጩኸቱን ያሰማሉ። ገንዘቡ በሐዋላ ይላካል። የማይከፈልለት ልጅ ለሌላ ቡድን ይተላለፋል፤ እንደ ሂካ ከእጅ ወደ እጅ።

ቁጥሩን ሁሉ ደምሬ ቀንሼ የቀረኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። በባሶ ዘመን ሰውን የሚገዛው ባዕድ ነበር። የእናርያዋ እናት ልጇ ጂዳ ላይ ስንት እንዳወጣ አትሰማም፤ ዋጋው ከሷ በራቀ ቁጥር ከፍ ይላል እንጂ ደጇ አይመጣም። አሁን ገበያው ዞሮ ደጇ ላይ መጣ። ልጁን የሚገዛው የተወለደበት ቤት ነው። የጤፍ መሬቱን በዓመት ኪራይ የሰጠው፣ ጥንድ በሬውን ወደ ገበያ የነዳው፣ አራጣ የተበደረው አባት በንግድ ቋንቋ ገዢ ይባላል። ድርድሩም በሚያውቀው አማርኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስልኩን የሚይዘው ከዚሁ አገር የሄደ አስተርጓሚ ነውና። «አባባ፣ ነገ ካልተላከ...» ይላል ድምፁ። አባባ ይላል። በአክብሮት።

ፓኤዝን ያስለቀቀው ገንዘብ ከጎአና ከንጉሥ ግምጃ ቤት ሊጠበቅ ይችል ነበር፣ ያም ሆኖ ሰባት ዓመት ወሰደ። ለገበሬው ቤት የሚሰጠው ቀጠሮ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ ሳምንት ነው።

ኦገስት 3 ቀን 2025፣ እሁድ ንጋት ላይ፣ ሌላ ጀልባ የመን ውስጥ አብያን ጠረፍ አጠገብ ተገለበጠ። አይኦኤም በመጀመሪያ እንዳስታወቀው ተሳፋሪዎቹ 154 ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የተረፉት 12። የተገኘው አስከሬን 68፣ በ1888 አንድ ሳንቡክ በአማካይ ከያዘው ሰው ቁጥር ጋር እኩል። አጋጣሚ ነው፣ ምንም ትርጉም የለውም፤ እኔ ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ደጅ ወጣሁ።

68 ሲደመር 12፣ ሰማንያ። ከ154 የጎደሉት 74 በዚያ ዕለት የትም አልተገኙም። በኋላ ባሕሩ አንዳንዶቹን እየተፋ የአስከሬኑን ቁጥር ከፍ አድርጎታል፣ ሁሉንም ግን አልመለሰም። በእነዚያ ቤቶች ስልኩ ከአልጋው ራስጌ ቻርጅ ላይ ይሰካል። እናት አጋቹ እንዲደውል ትሳላለች፤ ከደወለ አለ ማለት ነውና፣ በሬ ይሸጣል። ካልደወለ ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም፣ መርዶ ያረዳ የለም። ጎረቤት ነጠላ አዘቅዝቆ ይምጣ ወይስ አይምጣ ግራ ይገባዋል። አንዳንዱ ቤት ዓመቱን ጠብቆ የነፍስ አባቱን ያማክራል። ቄሱም ተዝካሩ ይውጣ ካሉ በኋላ ራሳቸው ዝም ይላሉ፤ አርባው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ለመናገር መጀመሪያ ቀኑን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋልና።